በራሴ ድምፅ ቢመጣ እንኳ

እሑድ ረፋድ፣ ከጸሎት አዳራሹ ጀርባ ባለው የነቢይ ኢዮስያስ የግል ክፍል፤ መዘምራኑ ውጪ ይዘምራሉ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን አዳራሹን በቀጥታ ያሳያል፣ ሥጋ ሻጩ ወርዶፋ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ካራውን ነቢዩ አንገት ላይ ደቅኗል።

ኢዮስያስ፦ አንሳው! ካራውን ከአንገቴ ላይ አንሳው ብዬሃለሁ! የተቀባ ሰው አይነካም፤ እጅህ ይደርቃል!

ወርዶፋ፦ ይድረቅ! ዕድሜውን ሙሉ በሬ ሲጥል የኖረ እጅ ነው፤ ዛሬ ቢደርቅ የሚቆጨኝ የለም። ለልጄ "መርፌሽን ውጊ" በላት። ከዚህ ሌላ ከአንተ ምንም አልፈልግም።

ኢዮስያስ፦ ጋርድ! ጋርድ! ኧረ ድረሱልኝ!

ወርዶፋ፦ ጩህ። ደግመህ ጩህ። ምን እንደሚሉ ስማቸው እስቲ።

ኢዮስያስ፦ ...ሃሌ ሉያ እያሉ ነው።

ወርዶፋ፦ "ነቢዩ ከሰይጣን ጋር እየታገለ ነው" ነው የሚሉት! ማን አስተማራቸው? "ከፕሮግራም በፊት ስጮህ ብትሰሙ በሩን እንዳትነኩ፤ ከጨለማው ኃይል ጋር ትግል ላይ ነኝ" ያልካቸው አንተ አይደለህም? በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ ጌታው።

ኢዮስያስ፦ ማን አስገባህ ግን? በየት ገባህ?

ወርዶፋ፦ ለእንግዶችህ ምሳ ሥጋ ይዤ ነዋ! ጋርዶችህ ካራዬን አይተው "ጋሽ ወርዶፋ፣ ሽንጡን ለኛ" እያሉ በኩሽናው በር አሳለፉኝ። ሕዝቡ ላይ ጾም አውጀህ አንተ ሽንጥ ታዛለህ።

ኢዮስያስ፦ ለጾሙ መፍቻ ነው! ማታ ጾሙ ሲፈታ!

ወርዶፋ፦ ይሄስ? ይሄ በፎጣ የተሸፈነው? እንቁላል ሳንዱች! ይሄም ለማታ ነው?

ኢዮስያስ፦ አትንካው! እሱን ተወው፣ እሱን እፈልገዋለሁ!

ወርዶፋ፦ ይኸው፣ ጫማዬ ስር ነው። ከፈለግህ ከነአፈሩ ላሰው።

ኢዮስያስ፦ ምን አደረግህ! አንተ ሰው፣ ምን እንዳደረግህ አታውቅም!

ወርዶፋ፦ ለሳንዱች ታለቅሳለህ? ሰው እየሞተ?

ኢዮስያስ፦ ማን ነው የሚሞተው? ልጅህ የትኛዋ ናት?

ወርዶፋ፦ እያት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ። ከፊት፣ ቢጫ ሹራብ የለበሰችው፣ ወንበር ተደግፋ የቆመችው። "ከስኳር በሽታ ተፈወስኩ" ብላ ልትመሰክር ተራዋን እየጠበቀች ነው።

ኢዮስያስ፦ አሃ፣ የስኳሯ ልጅ።

ወርዶፋ፦ ሲፈን ነው ስሟ! እንካ!

ኢዮስያስ፦ ጥርሴን! ጥርሴን አወለቅኸው!

ወርዶፋ፦ ሌላም አለህ፣ ብዙ አታልቅስ። ያለ እናት ያሳደግኳት አንዲት ልጄ ናት። በስሟ ጥራት።

ኢዮስያስ፦ እሺ ጋሼ፣ እሺ! ሲፈን። እኔ እኮ ምንም አላደረግኳትም። እጄን ጫንኩባት፣ ጌታ ነካት፣ አለቀ። እያት፣ ቆማለች አይደል? እየዘመረች ነው።

ወርዶፋ፦ አተነፋፈሷን እየው፣ ዓይን ካለህ! ዳገት እንደወጣ ሰው ታለከልካለች። ከሐሙስ ጀምሮ ኢንሱሊን አልወጋችም። አንተ "ተፈውሰሻል" ስላልካት ብልቃጦቹን በሙሉ ሽንት ቤት ከተተቻቸው። ሌሊቱን ስታስታውክ አደረች። አፏ የበሰበሰ ፍሬ ፍሬ ይሸታል፤ "ይሄ ሽታ ከመጣ አንድ ሌሊት እንዳታሳድራት" ብሎኛል ሐኪሙ።

ኢዮስያስ፦ ታዲያ ሐኪም ቤት ውሰዳታ! እኔን ምን...

ወርዶፋ፦ አልወሰድኳትም? ትላንት በባጃጅ ጭኜ ወሰድኳት። የተከሉላትን መርፌ ደሟ እየፈሰሰ ነቅላ ጣለችው። "አባዬ፣ ይሄን ከወሰድኩ ካድኩት፤ ነቢዩ ብሎኛል" አለችኝ። ሐኪሙም "ሕፃን አይደለችም፣ እምቢ እያለች አስሬ አልወጋትም" አለኝ። እስክትወድቅ ልጠብቅ? ከወደቀች በኋላ ማን ያነሳታል?

ኢዮስያስ፦ ጋሼ፣ ሐኪም የማያውቀው መንገድ አለ። እምነት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ወርዶፋ፦ እስቲ ልጠይቅህ። ነቢይ እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ኢዮስያስ፦ አሁን? ካራ ስር?

ወርዶፋ፦ አሁን። ካራ ስር ያለ ሰው ብዙ አይቀባጥርም።

ኢዮስያስ፦ የተናገረው ሲፈጸም ነዋ። የእኔ ደግሞ ይፈጸማል፣ ሕዝቡን ጠይቅ። የማላውቀውን ሰው በስሙ እጠራለሁ፣ ሰፈሩን እጠራለሁ...

ወርዶፋ፦ ስምና ሰፈር መጥራት ነቢይ ካደረገማ መናኸሪያ ያሉት ረዳቶች ሁሉ ነቢያት ናቸው። እነሱ እንኳ ጠርተው ያደርሱሃል።

ኢዮስያስ፦ በቅባት አትቀልድ! ቆይ... ቆይ፣ አንድ ነገር እየታየኝ ነው። ስለ አንተ ነው። ጉልበትህን ያምሃል። ግራውን።

ወርዶፋ፦ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሥጋ የሚቆርጥ ሰው ጉልበቱን ካላመመው ነው የሚገርመው።

ኢዮስያስ፦ አንዲት ሴት ትታየኛለች... ነጭ የለበሰች፣ ታለቅሳለች። "ወርዶፋ፣ ካራውን ጣል" እያለችህ ነው።

ወርዶፋ፦ ሚስቴ ናት እንዳትል! እሷ ብትሆን "አጥብቀህ ያዘው" ነበር የምትለኝ። እናቷ የለችም ብዬ ነግሬህ አሁን መልሰህ ትሸጥልኛለህ? ይሄን ይሄንማ ሲፈንም ላይ ነው ያደረግኸው። በር ላይ አስተናጋጆችህ "እህቴ፣ ምን አመመሽ?" ብለው ይጠይቁና ለአንተ ይነግሩሃል፤ አንተ መድረክ ላይ ዓይንህን ጨፍነህ "አንዲት ወጣት ትታየኛለች፣ ደሟ ጣፋጭ ሆኗል" ትላለህ።

ኢዮስያስ፦ መንፈስ በሰውም ይጠቀማል።

ወርዶፋ፦ አፍህን ዝጋ። ስማ፣ እኔ በጴንጤነቷ አልተጣላኋትም። እኛም ዘንድ ሰንሰለት ታጥቆ "ራእይ አየሁ" እያለ ስንቱን ሲያስለቅስ ከርሞ ጠጅ ቤት የተገኘ ባሕታዊ አውቃለሁ። አታላይ ሃይማኖት አይመርጥም። የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ይባል የለ? እኔ ሥጋ ሻጭ ነኝ። በግ ይሁን ተኩላ ሲገፈፍ ነው የሚለየው። ከየት ልጀምርልህ? ከጆሮህ?

ኢዮስያስ፦ በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም! አትቁረጠኝ፣ ልጆች አሉኝ!

ወርዶፋ፦ ጫር አደረግኩህ እንጂ አልቆረጥኩህም። እኔም ልጅ አለችኝ።

ኢዮስያስ፦ እየደማሁ ነው... ቆይ ጋሼ፣ አስብ። ብትገድለኝ ልጅህ ምን ትላለች? "ነቢዬ ለእምነቱ ሞተ" ብላ ፎቶዬን ግድግዳ ላይ ሰቅላ እስክትሞት መርፌ አትነካም። የምጠቅምህ በሕይወት ስኖር ነው!

ወርዶፋ፦ እሱ ባይገባኝ ኖሮ ገና ከበሩ ስገባ ነበር የምዘርርህ። በል ያን ማይክ አንሳ። ከመውጣትህ በፊት ከዚህ ሆነህ ድምፅህን ታሰማቸው የለ? እነሱም ሳያዩህ ያብዱልሃል። በዚያው ንገራት።

ኢዮስያስ፦ አይሆንም።

ወርዶፋ፦ ምን አልክ?

ኢዮስያስ፦ እምቢ ማለቴ አይደለም! አይሆንም ነው የምልህ፤ አይሰሙኝም... እንዴት ላስረዳህ...

ወርዶፋ፦ ስምህ እንዳይጠፋ ነው? እጅህን አምጣ።

ኢዮስያስ፦ ልቀቀኝ! ጣቴን! ጣቴን ልቀቀው!

ወርዶፋ፦ የልጄ ግንባር ላይ የተጫነው ይሄ ጣት ነው?

ኢዮስያስ፦ ወይኔ እናቴ! ሰበርከው! ሰበርከው!

ወርዶፋ፦ ስማ፣ እያጨበጨቡልህ ነው። "በርታ ነቢይ፣ ጣለው" ይላሉ። አይዞህ፣ ጣት ገና ብዙ አለህ።

ኢዮስያስ፦ ጋሼ... ፍሪጁን ክፈትልኝ።

ወርዶፋ፦ ፍሪጁ ምን አለው? ሽጉጥ?

ኢዮስያስ፦ ሚሪንዳ። ሚሪንዳ አለ... ስጠኝ።

ወርዶፋ፦ ጥጋብህ! ልጄ እየሞተች አንተ ሚሪንዳ አማረህ?

ኢዮስያስ፦ ጥጋብ አይ... አይደለም። ሳንዱቹን... ረገጥከው...

ወርዶፋ፦ ምላስህ ምን ሆነ? አትንተባተብ፣ እሱን ገና አልነካሁትም።

ኢዮስያስ፦ ማይኩ... ሁለት ሆነብኝ።

ወርዶፋ፦ ቆይ። ቆይ እስቲ፣ ቀና በል። ሸሚዝህ ውሃ ሆኗል። እጅህ ይርገፈገፋል። ይሄ ላብ በረዶ ነው። የፍርሃት ላብ አይደለም ይሄ! ይሄን ላብ አውቀዋለሁ፤ ከሲፈን ግንባር ላይ ስንቴ ጠርጌዋለሁ! አንተ ሰውዬ፣ ስኳር አለብህ!

ኢዮስያስ፦ የለ... የለብኝም። ተፈው... ተፈውሼ...

ወርዶፋ፦ ዝም በል! ፍሪጁን ልየው። የጸሎት ዘይት... የጸሎት ዘይት... ከካርቶኑ ስር ይሄ ምንድነው? ኢንሱሊን! የልጄ ዓይነት ኢንሱሊን፣ ከነመርፌው! አንተ! "እኔን ከስኳር ያዳነኝ አንቺንም አድኖሻል" ብለህ አይደለም እንዴ ያሳመንካት? ያ የምስክርነትህ ቪዲዮ ስልኳ ላይ አለ፤ እያለቀሰች ነው የምታየው!

ኢዮስያስ፦ ጋሼ... ጠዋት ወጋሁ... አልበላሁም... ሞትኩ...

ወርዶፋ፦ ወግተህ ሳትበላ። ገባኝ። ቁርስህን ረግጬብህ ስኳርህ እየወረደ ነው። ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ጸልይ።

ኢዮስያስ፦ ሚሪ...

ወርዶፋ፦ ጸልይ አልኩህ! ልጄን "በእምነት ቁሚ" ብለሃት የለ? በል ቁም! አንተም በእምነት ቁም!

ኢዮስያስ፦ እማዬ...

ወርዶፋ፦ አሁንማ ካራም አያስፈልገኝም። ይሄን የሚሪንዳ ጠርሙስ እጄ ላይ ይዤ ብቀመጥ አንተ ታልቃለህ። "በጸሎት ላይ ሳለ አረፈ" ብለው በክብር ይቀብሩሃል።

ኢዮስያስ፦ እማዬ... መብራቱን... አብሪልኝ...

ወርዶፋ፦ አይ አንቺ እጅ! አይ እጅ! ይቁረጥሽ! የልጄን አፍ ፈልቅቃ ስኳር ስታልስ የኖረች እጅ፣ ዛሬ ጠላት መሆኑን እንኳ አትለይም! አፍህን ክፈት። ክፈት! ቀስ ብለህ፣ እንዳያንቅህ። ዋጥ። ሌላ ድገም። ዋጥ ብዬሃለሁ፣ የውሻ ልጅ! ዋጥ!

ኢዮስያስ፦ እኽ... እኽ...

ወርዶፋ፦ ዓይንህን ግለጥ። ስምህ ማነው?

ኢዮስያስ፦ ኢዮ... ኢዮስያስ።

ወርዶፋ፦ ዛሬ ምን ቀን ነው?

ኢዮስያስ፦ እሑድ። ...ለምን አዳንከኝ?

ወርዶፋ፦ አላዳንኩህም፣ አቆየሁህ። አሁን እውነቱን አውጣ።

ኢዮስያስ፦ መጀመሪያ የእውነቴን ነበር ጋሼ፣ ይሙት ልጄ። እጅ ተጫነብኝ፣ ሰውነቴ ሞቀኝ፣ መርፌዬን ጥዬ መድረክ ላይ መሰከርኩ። ሕዝቡ አነባ፣ ተሸከሙኝ። ሳምንት ሳይሞላ ራሴን ስቼ ሐኪም ቤት ነቃሁ። ምስክርነቱ ግን አገር አዳርሷል። እንዴት ብዬ ልመልሰው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ወርዶፋ፦ ስለዚህ አንተ ተደብቀህ እየወጋህ የሰው ልጅ መርፌ ታስጥላለህ።

ኢዮስያስ፦ አይጥሉማ! ሁሉም መድረክ ላይ አሜን ይላል፣ ቤቱ ገብቶ ክኒኑን ይውጣል። እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ፣ አንነጋገርም እንጂ። ልጅህ ግን... እሷ የምሯን አመነችኝ።

ወርዶፋ፦ ጥፋቷ እሱ ነው? ማመኗ?

ኢዮስያስ፦ አላልኩም...

ወርዶፋ፦ ማይኩን ያዝ። አሁን!

ኢዮስያስ፦ እይዛለሁ። ግን ስማኝ፣ ያለፈው እሑድ ከመድረክ አንድ ነገር ተናግሬያለሁ...

ወርዶፋ፦ ሰበብ አልሰማም! አብራው ብዬሃለሁ!

ኢዮስያስ፦ ወገኖቼ... ሰላም ይሁንላችሁ። ድምፄን ታውቁታላችሁ፤ እኔ ነኝ፣ ኢዮስያስ። ሲፈን፣ እህቴ፣ አድምጪኝ። አልተፈወስሽም። እኔ ነኝ የምልሽ። መርፌሽን ውጊ፣ አሁኑኑ ከአባትሽ ጋር ሐኪም ቤት ሂጂ። ሌሎቻችሁም መድኃኒታችሁን ውሰዱ። ሲፈን፣ እባክሽ... እለምንሻለሁ።

ወርዶፋ፦ ምንድነው ይሄ ጩኸት? እጃቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው የሚዘረጉት ለምንድነው?

ኢዮስያስ፦ እየገሰጹ ነው።

ወርዶፋ፦ ማንን?

ኢዮስያስ፦ እኔን። ልነግርህ ነበር እኮ! ያለፈው እሑድ ምን ብያለሁ መሰለህ... "እኔ ራሴ መጥቼ፣ በራሴ ድምፅ ‘መድኃኒታችሁን ውሰዱ’ ብዬ ብለምናችሁ እንኳ እንዳትሰሙኝ! እኔ አይደለሁም፤ በድምፄ የሚመጣ የሐሰት መንፈስ ነው፤ ‘ውጣ’ በሉት!" ብያለሁ።

ወርዶፋ፦ ለምን? ለምን ብለህ?

ኢዮስያስ፦ ሞቅ ብሎኝ! ሕዝብ ሲያጨበጭብ ምላስ አይቆምም ጋሼ! ሰው ቆሞ ሲጮህልህ ከዚያ የሚበልጥ ቃል ትፈልጋለህ፤ ሲመጣልህ ደግሞ ትናገረዋለህ።

ወርዶፋ፦ እያት... እያት ሲፈንን። እጇን ዘርግታለች። ድምፅ እንኳ የላትም፣ ከንፈሯ ነው የሚንቀሳቀሰው። "ውጣ፣ ውጣ" ትላለች። ልጄ እኮ ናት! ያድናት የነበረውን ቃል እየረገመች ነው!

ኢዮስያስ፦ ጋሼ፣ ይቅር...

ወርዶፋ፦ ልጄ ላይ በሩን ዘግተህ ቁልፉን ውጠኸዋል። ቁልፍ የዋጠ በሬ እንዴት እንደሚከፈት እኔ አውቃለሁ። ሸሚዝህን ግለጥ!

ኢዮስያስ፦ አይሆንም! ጋሼ፣ በፈጠረህ!

ወርዶፋ፦ ግለጥ! ከእንግዲህ ለምን ትጠቅመኛለህ? ድምፅህ አለቀ። ሲፈን ከሞተች አንተ ምሳ አትበላም!

ኢዮስያስ፦ ቆይ! ቆይ! ጆሮዋን ነው የዘጋሁት! ዓይኗ ክፍት ነው!

ወርዶፋ፦ ፈጥነህ ተናገር፣ ካራው ሆድህ ላይ ነው።

ኢዮስያስ፦ ድምፄን አያምኑም፣ ዓይናቸውን ግን ያምናሉ። ልትመሰክር መድረክ ስትወጣ እኔም እወጣለሁ። ሆዴን ገልጬ ፊቷ እወጋለሁ። ከስኳር የዳነው ነቢይ ኢንሱሊን ሲወጋ ታያለች። ከዚያ ወዲያ የምታምነው ምን ይቀራል?

ወርዶፋ፦ ...ታደርገዋለህ?

ኢዮስያስ፦ አደርገዋለሁ! ጠዋት ስለወጋሁ አሁን ውሃ ነው የምሞላበት፤ ማን ይለየዋል?

ወርዶፋ፦ አያችሁልኝ ይሄን ጉድ! ሞት አፍ ላይ ቆሞም ያታልላል! ኢንሱሊን ሽታ አለው፣ አንተ። ሲፈን በዚያ ሽታ ነው ያደገችው፤ ውሃ ይሁን መድኃኒት አጠገብህ ቆማ ታውቀዋለች። ውሃ መሆኑ የገባት እንደሆነ "ነቢዬ እምነቴን እየፈተነ ነው" ብላ ጭራሽ ትበረታለች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ፤ ይሄን ሁሉ ጥለሃት አልበቃህም?

ኢዮስያስ፦ እውነተኛውን ከደገምኩት እወድቃለሁ! አሁን በዓይንህ አይተኸኛል!

ወርዶፋ፦ አይቼሃለሁ።

ኢዮስያስ፦ ባልወድቅስ? ሕዝቡ አለልህ! ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያን ወፍራም ሰውዬ እየው፣ ግራጫ ኮት የለበሰውን። ሚስቱን "ተፈውሰሻል" ብያት ቀብሯታል። "እምነቷ ጎድሎ ነው" ብዬው እስከ ዛሬ አሜን ይለኛል። እሱ መርፌውን ሲያይ ምን የሚያደርገኝ ይመስልሃል? በወንበር ነው የሚጨፈጭፉኝ!

ወርዶፋ፦ ሌላም ገድለሃል በለኛ።

ኢዮስያስ፦ ...አዎ።

ወርዶፋ፦ የተበደልኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር የመጣሁት! ለካ አዳራሹ ሙሉ... ሲፈን! ሲፈን ወደቀች!

ኢዮስያስ፦ ጨርቅ እያለበሷት ነው።

ወርዶፋ፦ "መንፈስ ነካት" ብለው ያጨበጭባሉ! ልጄ እየሞተችብኝ እነሱ ያጨበጭባሉ!

ኢዮስያስ፦ ተነሳች፣ ተነሳች። ደግፈዋታል። ወደ መድረኩ እያወጧት ነው... ማይክ ሰጧት።

ወርዶፋ፦ ምን አለች? በዚህ ሁካታ አልሰማኋትም፣ ምን አለች?

ኢዮስያስ፦ "አሁን ያወራው ጠላት ነው፤ ነቢዬ አይዋሽም" አለች።

ወርዶፋ፦ ...ይኸው። ካራውን ጣልኩት። መሬት ላይ ነው፣ እየው። የበሩም ቁልፍ ይኸውልህ፣ ያዘው። ጋርዶችህን መጥራት ትችላለህ፤ አጥንቴን ይስበሩት፣ ለፖሊስ ይስጡኝ፣ አልሮጥም። ደብድቤህ ያወጣሁት ቃል ልጄን አላዳነልኝም። ከዚህ በኋላ ጉልበት የለኝም። እግርህ ላይ ልውደቅ? እወድቃለሁ። አባት ነኝ።

ኢዮስያስ፦ ተነስ ጋሼ። ተነስ፣ አታድርግ።

ወርዶፋ፦ ባጃጅ በኩሽናው በር ቆሞልኛል። እሺ ብቻ ትበል፣ በክንዴ ታቅፌያት ነው የምሮጠው።

ኢዮስያስ፦ እናቴ እንኳ እንዲህ አምናኝ አታውቅም። "አንተ ቀጣፊ" ነበር የምትለኝ።

ወርዶፋ፦ እናትህ ነበረች ነቢይ።

ኢዮስያስ፦ ...ብልቃጡን ስጠኝ። እውነተኛውን።

ወርዶፋ፦ እጅህ ይንቀጠቀጣል።

ኢዮስያስ፦ ጣቴን ሰብረህብኛላ! አንተ ትቀዳልኛለህ፣ መድረኩ ላይ፣ ፊት ለፊቷ። ለእሷ ስትቀዳ ኖረህ የለ? የአባቷን እጅ ታውቀዋለች።

ወርዶፋ፦ እቀዳልሃለሁ።

ኢዮስያስ፦ ሚሪንዳው አልቋል?

ወርዶፋ፦ ግማሽ አለ።

ኢዮስያስ፦ ባለ ግራጫ ኮቱ ሰውዬ ወደ እኔ ሲመጣ አትከልክለው። መብቱ ነው።

ወርዶፋ፦ አልከለክለውም።

ኢዮስያስ፦ ጋሼ... ስወድቅ ታጠጣኛለህ? ወይስ ቆመህ ታየኛለህ?

ወርዶፋ፦ ነቢይ ነኝ ትል የለ? እስቲ ተንብየው።

ኢዮስያስ፦ አላውቅም።

ወርዶፋ፦ ይቺን ቃል ሐሙስ ዕለት ለልጄ ብትላት ምን ነበረበት? በል ቅደም፤ ጠርሙሱን ይዤልሃለሁ።